ከንፈሩ የተሸረፈው

አባቴ መረቡን በሚጥልበት በኩል ደሴታችን ታልቃለች፤
እየተዳፋች አይደለም፣ እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብላ ትወርዳለች።
ከጀልባው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ጥቁር፣
ከጥቁሩም ሥር አንተ፤ የማትታይ፣ የማትቸኩል፣ የማትናገር።
ሁለት መቶ ክንድ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ያረጀ መረብ፣
ዓሣ ንቆት የሚያልፈው፤ ሦስት ወር ሙሉ ይረሳል፣ አረም በአረም እስኪደርብ።
አንተም በሌሊት፣ አሸዋህን ጥለህ፣ አፍንጫህን አስቀድመህ፣
ቀዳዳ በቀዳዳ ትገባለህ፤
ቤት ይመስልሃል፣ ቤትህን ተሸክመህ።

ስትወጣ አታምርም።
የለበስከው ቆዳ ቡናማ ነው፣ ውኃ የጠጣ ጆንያ፤
ያላወቀህ ይጥልሃል፣ ሳያወጣህ ለገበያ።
ሾጣጣ ነህ፤ ሰፊው ትከሻህ ላይ ተጠማዞ የሚወጣ ደረጃ፣
ከትከሻህ እስከ ጭራህ አንድ ስንጥቅ፤ እሱ ነው አፍህ፣ መብያም መፍጃ።
«በሰፊው በኩል ያዢው» ይላል አባቴ፣ «በጠባቡ አይደለም፤
በሰፊውም አትተማመኚ፤ ኩምቢው ይታጠፋል፣ የማይደርስበት የለም።»

አጎቴ ኦንዶይ ይህን ያውቅ ነበር።
ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም እጁ ገመድ ይዞ ነበር።
ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ እንደ ክብሪት።
«ቆነጠጠኝ» አለ፤ ሳቀ።
«አያምም» አለ፤ ውኃ ጠየቀ።
ከዚያ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ስሜን ሊጠራ ሞክሮ «ሉ…» ብሎ ቀረ፤
የታግቢላራን መብራት እየታየን ደረቱ ማረፍ ጀመረ።

ያ ዛጎል እንከን አልነበረውም።
ገዢው ከሴቡ መጥቶ በማጉያ መነጽር አየው፣
አገላብጦ አየው፣ ሳይከራከር ከፈለ።
የሬሳ ሣጥን ገዛንበት።
በመልሱ ሩዝ ሸመትን።
እናቴ ሁለት ቀን አልቀመሰችውም፤
በሦስተኛው በላች።

የኔ ሥራ መቦረሽ ነው።
ሥጋህ ከወጣ በኋላ፣ በረኪና ውስጥ ነክሬ፣
በጥርስ ቡሩሽ ቆዳህን እገፋለሁ፣ ከትከሻህ ጀምሬ።
መጀመሪያ አንድ ሦስት ማዕዘን ብቅ ይላል፣ ነጭ፣
ጠርዙ በማር ቀለም መስመር የተቀጨ፤
ከጎኑ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ፤
ምድር በተንቀጠቀጠች ዓመት ሜዳችን ላይ እንደተተከለው
የድንኳን ሰፈር፣ አንዱ የሌላውን ገመድ እየረገጠ።

ይህን ሁሉ ማን እንዲያይልህ ነው የሳልከው?
እዚያ ብርሃን የለም።
ያንተም ዓይን ጥላን ከጥላ ቢለይ ነው።
በሥዕሉ ላይ ቆዳ ደረብክበት፣ በቆዳው ላይ አሸዋ።
ጎረቤታችን ሉዝቪሚንዳ እንኳ፣ ለቅዳሴ ስትሄድ፣
ቀሚሷን ሦስቴ በመስታወት ታያለች።

አንተን ግን ገዢው መለሰልኝ።
«ከንፈሩ ተሸርፏል» አለ፤ «በሲሶ ዋጋ፤ ካልፈለግሽ ተይው።»
ተውኩት።
ማታ ጥፍሬን በጠርዝህ ላይ ሳስኬድ፣ ስብራቱ አንድ አልነበረም፤
አንደኛው ትኩስ ነው፣ የመረቡ፤ ሌላው ከኋላ፣ የቆየ፣ የደደረ ጠባሳ።
ሸርጣን ይሆናል፤ ከንፈርህን ነክሶ ቆርሶ፣
ሥጋህ ጋ ሳይደርስ ታክቶት ሄደ፤ ወይም አንተ ቀደምከው።
እስከ ጠባሳው ድረስ መስመሮችህ ቀጥ ያሉ ናቸው።
ከጠባሳው ወዲህ ይዛነፋሉ፤ ጥቂት ይደነባበራሉ፤
ድንኳኖቹ ጎበጥ ብለው እንደገና ይተከላሉ።
በጨለማ። ማንም ሳይጠይቅህ።

አሁን የመስኮታችን ሽብልቅ ነህ።
የሰኔ ነፋስ ሲነሣ መዝጊያው እንዳይላተም፣ ጠባቡን ጫፍህን
ሥሩ እሸጉጠዋለሁ። ልክ ሆነህ ትገባለህ።
ባዶ መሆንህን አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ ያጠብኩህ።
ቢሆንም ሳነሣህ
በሰፊው በኩል ነው የምይዝህ።